የውጭ አለቃ፣ የሀገር ልማድ፦ ባህልና የሥራ ውሳኔን በተመለከተ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ከውጭ ዜጋ አለቃ ጋር የሚሠሩ ወይም ውጭ ሀገር ተቀጥረው ግራ የገባቸው ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ሀገር ባህል ከመሥሪያ ቤት ውሳኔ ጋር ምን አገናኘው? ሥራ ሥራ ነው አይደል?

ሥራው አንድ ሊሆን ይችላል። ጫማ ዱከምም ተሰፋ ጣሊያን ያው ጫማ ነው። ግን ማን ይወስናል፣ ከመወሰኑ በፊት ማን ይጠየቃል፣ አለቃው ሲሳሳት ማን ነው ደፍሮ የሚነግረው፣ የሚነግረውስ ሰው ፊት ነው ወይስ ለብቻው፣ እነዚህ ከሀገር ሀገር በጣም ይለያያሉ። ሰው ደግሞ ይሄን የሚማረው ከተቀጠረ በኋላ አይደለም። ቤት ውስጥ አባት ሲናገር ዝም ይባላል ወይስ ይጠየቃል፣ ትምህርት ቤት መምህርን መሞገት ነውር ነው ወይስ ጉብዝና፣ ያንን ሁሉ ይዞ ነው ቢሮ የሚገባው።

እኔ ነገሩን የማየው በአንድ ጥያቄ ነው። ውሳኔው የሚበስለው የት ነው? ስብሰባው ላይ ነው? ከስብሰባው በፊት ነው? ወይስ ሁሉም ከወጣ በኋላ ኮሪደር ላይ? ይሄን ካወቃችሁ ከየትም ሀገር ከመጣ አለቃ ጋር መሥራት ትችላላችሁ። ካላወቃችሁ ግን ጥሩ ሐሳብ ይዛችሁ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ትናገራላችሁ፣ ከዚያ "አይሰሙኝም" ብላችሁ ትቀመጣላችሁ።

ባህል በቁጥር ይለካል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ተሞክሯል። በጣም የሚታወቀው ሆላንዳዊው ተመራማሪ ኼርት ሆፍስቴድ የሠራው ነው። የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ የአይቢኤም ሠራተኞች ከ1967 እስከ 1973 ባለው ጊዜ በየሀገሩ የሞሉትን ከ100 ሺህ በላይ መጠይቅ መረመረ። ኩባንያው አንድ ነው፣ ሥራውም ተመሳሳይ ነው፣ ስለዚህ በመልሶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከሀገር የመጣ ነው ብሎ ተነሣ። ካወጣቸው መለኪያዎች አንዱ "የሥልጣን ርቀት" የሚባለው ነው፤ ከታች ያለው ሰው በእሱና በአለቃው መካከል ያለውን ልዩነት ምን ያህል እንደ ተገቢ ነገር እንደሚቀበለው ያሳያል፣ ቁጥሩ ሲበልጥ መቀበሉም ይበልጣል። እስራኤል 13 አገኘች፣ ዴንማርክ 18፣ ሆላንድ 38፣ አሜሪካ 40፣ ጃፓን 54። ምሥራቅ አፍሪካ የተባለው 64 ነው፤ እሱም የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የታንዛኒያና የዛምቢያ መልስ አንድ ላይ ተጨፍልቆ የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የዚያን ጊዜ የአይቢኤም ሠራተኛ የመርካቶን ነጋዴ ወይም የሐዋሳን የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ አይወክልም። አራት ሀገር በአንድ ቁጥር ማስቀመጥም ብዙ ነገር ይደብቃል። ቁጥሩ የሀገር አማካይ ነው እንጂ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው አይነግራችሁም። "ይሄ ሰው ከኔ የተለየ ነገር ሊጠብቅ ይችላል" ብሎ ለመጠርጠር ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ አትመኑት።

አለቃ በሚከበርበት ሀገር ሁሉ አለቃው ብቻውን ይወስናል ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ጋ ነው። አለቃን ማክበር አንድ ነገር ነው፣ ውሳኔ ከየት ይነሣል የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ጃፓንን ተመልከቱ። ማዕረግ በጣም ይከበራል፣ የስብሰባ ወንበር እንኳን በማዕረግ ነው። ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከታች ነው። በቆየው አሠራር፣ ሪንጊ ይሉታል፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ያለ ሠራተኛ ሐሳቡን በወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ የሚመለከተው ኃላፊ ሁሉ አይቶ ቀይ ማኅተሙን ያሳርፍበታል፣ እንዲህ እያለ ላይ ይደርሳል። ከዚያም በፊት ነማዋሺ የሚሉት አለ፤ ባለጉዳዩ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ያናግራል፣ ቅሬታ ያለውን ይሰማል፣ ሐሳቡን ያስተካክላል። ስለዚህ ስብሰባው ላይ አዲስ ነገር የለም፣ ያለቀ ነገር ነው የሚጸድቀው። አንድ የኛ ሰው ጃፓኖች ስብሰባ ላይ ድንገት ትልቅ ሐሳብ ይዞ ቢቀርብ የሚጠብቀው ዝምታ ነው። ሐሳቡን ጠልተው አይደለም፤ ቀድሞ ያናገራቸው ስለሌለ ማንም በዚያች ቅጽበት አቋም መያዝ አይፈልግም።

ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። ውሳኔው ይዘገያል፣ እጅግ ይዘገያል። ከተወሰነ በኋላ ግን ሥራው ይፈጥናል፣ ምክንያቱም ሊቃወም የሚችለው ሁሉ አስቀድሞ ተጠይቋል። አሠራሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለማወቅ በኮሮና ጊዜ የሆነውን ማየት ይበቃል፤ ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ የተባሉ ሠራተኞች ማኅተም ለመምታት ብቻ ቢሮ ይሄዱ ስለነበር በ2020 የጃፓን መንግሥት ራሱ ማኅተም ይቅር ብሎ ዘመቻ ጀመረ።

አሜሪካዊው አለቃዬን በስሙ ነው የምጠራው። "ምን ይመስልሃል?" ይለኛል፣ ከዚያ የራሱን ያደርጋል። ታዲያ ለምን ጠየቀኝ?

ሐሳባችሁን ስለሚፈልገው ነው የጠየቃችሁ። አሜሪካ ውስጥ አለቃና ሠራተኛ አብረው ይስቃሉ፣ በስም ይጠራራሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ነው፣ ስህተት ከሆነም ተጠያቂው እሱ ነው። የሁሉንም ሐሳብ ሰምቶ ቶሎ ይወስናል፣ ካልሠራ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ይለውጠዋል። ጃፓን ውስጥ የተወሰነ ነገር ከባድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ውሳኔ የዛሬ አቋም ነው። ስለዚህ ሐሳባችሁ ካልተወሰደ ተናቅን አትበሉ። ነገ እንደገና አንሡት፣ ነውር የለውም።

ሌላው መያዝ ያለበት ነገር አስተያየት አሰጣጣቸው ነው። "ሥራህ ግሩም ነው፣ ደስ ይላል፣ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ..." ካለ ቁም ነገሩ ያለው ትንሽ ነገር ያለው ላይ ነው። ብዙ የኛ ሰዎች ምስጋናውን ይዘው ይወጣሉ፣ ከዓመት በኋላ በግምገማ ወረቀት ላይ ያንኑ ትንሽ ነገር በትልቁ ተጽፎ ሲያዩት ይደነግጣሉ። መቀራረቡንም ዋስትና አታድርጉት። ከሞንታና በስተቀር በሌሎቹ ግዛቶች ሁሉ ውልና የፀረ አድልዎ ሕግ ካልከለከለው በስተቀር አሠሪ ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል፤ ትናንት አብሮ የሳቀ አለቃ ዛሬ ሊያሰናብት ይችላል፣ ለእሱም ሁለቱ አይጋጩም።

አለቃዬ ሰው ፊት "ይሄ ስህተት ነው" ይለኛል። ሆን ብሎ ሊያዋርደኝ ነው?

ሆላንዳዊ ወይም እስራኤላዊ ከሆነ ላይሆን ይችላል። በእነዚህ ሀገሮች ሥራውን መንቀፍ ሰውዬውን መንቀፍ አይደለም ተብሎ ነው የሚታሰበው። ዝዋይ አካባቢ ባሉት የአበባ እርሻዎች የሚሠራ ሰው ሆላንዳዊ ኃላፊ ሱፐርቫይዘሩን ግሪን ሃውስ ውስጥ ሠራተኞቹ እየሰሙ "ይሄ አልተሠራም፣ ለምን?" ሲለው አይቶ ያውቅ ይሆናል። ለሆላንዳዊው ነገሩ እዚያው አለቀ። ሱፐርቫይዘሩ ግን የሚያዛቸው ሰዎች ፊት ተዋርዷል፣ ከዚያ ቀን በኋላ ችግር ሲያይ መናገሩን ይተዋል። በግልጽነት ተጀምሮ መረጃ በመደበቅ አለቀ ማለት ነው። ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን ጥፋት እንደሌለበት እርግጠኛ ነው።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያውቁታል። በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት የዘመቻ ሙሴና የዘመቻ ሰሎሞን ጉዞዎች የሄደው ሰው ልጁን ያሳደገው ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይንህን ዝቅ አድርግ፣ ራስህን አታወድስ እያለ ነው። ያ ልጅ አድጎ ሥራ ፍለጋ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀመጥ ጠያቂው የሚፈልገው ዓይን ለዓይን የሚያይ፣ "ይሄን እችላለሁ" የሚል፣ ካስፈለገ የሚከራከር ሰው ነው። ጨዋነቱ በራስ ያለመተማመን ተደርጎ ተቆጠረበት። ይሄ ጥፋት የልጁ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂውም የራሱን ሀገር መለኪያ ብቸኛ መለኪያ አድርጎ ይዟል።

ዱከም አካባቢ ቻይና ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጠዋት የተባለው ከሰዓት ይቀየራል። ለምንድን ነው?

ከቻይና የመጣው የፋብሪካ አለቃ አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት የሚጠብቅ አይደለም፣ መስመሩ ላይ ነው የሚውለው። ያየው ላይ ተመሥርቶ እዚያው ይወስናል፣ ትዕዛዝ ከተለወጠ እዚያው ይለውጣል። ዕቅድ መነሻ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። እዚያው ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ሁዋጂያን የተባለው የጫማ ፋብሪካ በ2012 ሥራ የጀመረው ገና ፓርኩ ራሱ ሳያልቅ ነበር፤ ሠራተኛ አስቀድሞ ቻይና ልኮ አሠልጥኖ ወዲያው ወደ ኤክስፖርት ገባ። "መጀመሪያ እንጀምር፣ የጎደለውን እየሠራን እንሞላለን" የሚለው አካሄድ ብዙ ቦታ ያለ ነው።

እዚህ ግን ባህል ተብሎ የሚወቀሰው ብዙው ነገር ከቋንቋ የሚመጣ ነው። አስተርጓሚው መሃል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ወጣት ምሩቅ ነው፣ የአለቃውን ቁጣ አለዝቦ ያስተላልፋል፣ የሠራተኛውንም ቅሬታ አሳጥሮ ይነግራል። አለቃው አምስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አንድ ከተተረጎመ ምክንያቱ ጠፍቶ ትዕዛዙ ብቻ ነው የደረሳችሁ። አስተርጓሚውን "ለምን እንደተቀየረ ጠይቅልኝ" በሉት። ምክንያቱ ሲሰማ የሚበርደው ንዴት ብዙ ነው።

የባሕረ ሰላጤው ሀገሮችስ?

ዱባይም ሪያድም ንግድ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ነው፣ ውሳኔው ባለቤቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ነው። ቢሮ ያለው ማኔጀር፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሀገር ሰው ነው፣ "እናያለን" ካላችሁ እሱም የሚጠይቀው ሰው አለው ማለት ነው። ቡናው፣ ወሬው፣ የቤተሰብ ጥየቃው ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ሰውዬው የሚያየው አብሮ ሊሠራ የሚችለው ሰው መሆናችሁን ነው። ለኛ ይሄ እንግዳ አይደለም፣ ስለዚህ ብዙ አላብራራም።

የኛ ሰው ስብሰባ ላይ ለምን ዝም ይላል?

"ባህላችን ነው፣ ይሉኝታ ነው" የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ጨርሶ "አስተያየት ያለው?" ይላል፣ ሁሉም ማስታወሻ ደብተሩን ያያል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል" ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ሻይ ቤት እውነተኛው ስብሰባ ይጀመራል።

ያው ሰው ግን እሑድ ጠዋት ዕድሩ ስብሰባ ላይ ስታዩት ሌላ ነው። ተነሥቶ "የተከራዩት ወንበሮች ገንዘብ የት ገባ? ደረሰኙን አሳዩን" ይላል። ሰብሳቢው ትልቅ ሰው ነው፣ ያከብረዋል፣ እጅ ነሥቶ ነው የሚጀምረው፣ ግን ይጠይቀዋል። ለምን? ዕድር ውስጥ ሰብሳቢው የተመረጠ ነው፣ ደንቡ የተጻፈ ነው፣ ገንዘቡ የራሱ ነው፣ መናገሩም ከዕድሩ አያስወጣውም። ስለዚህ ዝምታው በደም የተወረሰ ጠባይ አይደለም። ሰውዬው ቢሮ ውስጥ መናገር ምን እንደሚያስከፍል አስልቶ ነው ዝም ያለው።

ስሌቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በደርግ ጊዜ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ቃል አደጋ ነበረው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግምገማም ሐሳብ መለዋወጫ ተብሎ ብዙ ሰው የተነሣበት፣ ቂም የተወጣበት መድረክ ሆኖ ታይቷል። ይሄን ያየ ወላጅ ልጁን "አርፈህ ሥራህን ሥራ" ብሎ ነው የሚልከው። እኔም ይሄንኑ ተመክሬ ነው ሥራ የጀመርኩት፣ ምክሩ ከፍቅር እንደመጣም አውቃለሁ።

ካይዘን እኛ ሀገር ገብቶ አንዳንድ ቦታ ለምን ግድግዳ ላይ ብቻ ቀረ?

ካይዘን ሥራን ጥቂት በጥቂት ማሻሻል የሚባለው የጃፓን አሠራር ነው። ከ2009 እስከ 2011 በጃፓኑ የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ 30 ኩባንያዎች ላይ ተሞክሮ ነበር፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጥሩ ውጤት ያሳዩ ቦታዎች አሉ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት የሚለው ክፍል ቶሎ ነው የተያዘው፤ መጋዘን ይጸዳል፣ ዕቃው ስም ይለጠፍበታል፣ ፎቶ ይነሣል።

የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ካይዘን የቆመው ከታች ያለው ሠራተኛ ችግር አይቶ ይናገራል በሚል ነው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ተራ ሠራተኛ ችግር ካየ ገመድ ስቦ ምልክት ይሰጣል፤ ኃላፊው ይደርሳል፣ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ የምርት መስመሩ ይቆማል። የሳበው አይቀጣም። ይሄ ጃፓን ውስጥም በራሱ የበቀለ አይደለም፣ ኩባንያው ዓመታት ፈጅቶ የገነባው ነው። እኛ ጋ "ማሽኑ ችግር አለው" ያለው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ማን አበላሸው?" ተብሎ ከሆነ የካይዘን ቡድኑ በሳምንት አንድ ቀን ቢሰበሰብም ቃለ ጉባኤው ላይ የሚጻፈው የቀለምና የመጥረጊያ ጉዳይ ነው። ችግሩ ያለው የመጀመሪያዋ ጥያቄ ላይ ነው፤ እሷን መቀየር ደግሞ የአለቃው ሥራ ነው።

ለአለቃ ዝቅ ማለት አደጋ ያመጣል ይባላል፣ የኮሪያ አውሮፕላን አደጋ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። ትክክል ነው?

በ1997 የአሜሪካ ግዛት በሆነችው በጉዋም ደሴት ላይ የኮሪያን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 228 ሰው ሞቷል። የአሜሪካ መርማሪዎች ካፒቴኑ አቀራረቡን በትክክል አለማከናወኑን፣ ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱም በሚገባ ተከታትለው አለማረማቸውን ጽፈዋል። ከዚህ ተነሥቶ "የእስያ ባህል ነው የገደላቸው" የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ።

ግን ከዚያ 20 ዓመት በፊት የሆነውን አስቡ። በመጋቢት 1977 በስፔኗ ደሴት በቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሁለት ጃምቦ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ፤ በአቪዬሽን ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም። ጉም ነበር፣ የሬዲዮ ንግግሩም ተደራርቦ ነበር። ሳይፈቀድለት መንደርደር የጀመረው የሆላንዱ ኬኤልኤም ካፒቴን ነው። የበረራ መሐንዲሱ "ያኛው ከመንገዱ አልወጣም እንዴ?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰለት፣ መሐንዲሱም ተወው። ካፒቴኑ የኩባንያው ዋና የጃምቦ አሠልጣኝ ነበር፤ ረዳት አብራሪውን በቅርብ ፈትኖ ያሳለፈውም እሱ ነው። ሆላንድ፣ ሁሉም ሰው ፊት ለፊት ይናገራል የሚባልባት ሀገር።

ስለዚህ የአንዲት የአብራሪዎች ክፍል ማዕረግ የሀገርን ባህል ሊያሸንፍ ይችላል። የአቪዬሽን ዓለምም የመለሰው መልስ የሰዎችን ባህል መንቀፍ አልነበረም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የበረራ ቡድን ሥልጠና ቀረጹ፤ ረዳት አብራሪው ጥርጣሬውን በምን ደረጃ እንደሚናገር፣ ካፒቴኑም እንዴት እንደሚቀበል ይለማመዱታል። ኮሪያን ኤርም ሥልጠናውን አሻሽሎ፣ ኮሪያዊ ሆኖ እንደቀረ፣ ደኅንነቱ የተመሰገነ አየር መንገድ ሆነ።

"ባህሉ ነው" የሚለው ሰበብ አይሆንም?

ይሆናል፣ በተደጋጋሚም ሆኗል። ከ2011 የፉኩሺማ ኑክሌር አደጋ በኋላ የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ሪፖርቱን አወጣ። ሰብሳቢው ኪዮሺ ኩሮካዋ በእንግሊዝኛው መግቢያ ላይ አደጋው ከጃፓን ባህል የመነጨ ነው፣ ከታዛዥነት፣ አለቃን ካለመጠየቅ የመጣ ነው ብለው ጻፉ። ብዙዎች ተቃወሟቸው፤ ጥፋቱ የባህል ከሆነ ማንም አይጠየቅም ማለት ነው አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የሪፖርቱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው ዝርዝር ከመግቢያው ይልቅ ይጠቅማል፤ ተቆጣጣሪውና የኤሌክትሪክ ኩባንያው ተሻርከው የደኅንነት እርምጃዎች መዘግየታቸውን ያሳያል። እነዚህ ስምና ፊርማ ያላቸው ውሳኔዎች ናቸው።

የጀርመኑ መኪና አምራች ዳይምለርና የአሜሪካው ክራይስለር በ1998 ተዋህደው ክራይስለር በ2007 ሲሸጥ ሁሉም "የጀርመንና የአሜሪካ ባህል አልገጠመም" አለ። አልገጠመም፣ እውነት ነው። ግን ውህደቱ እኩል ለእኩል ነው ተብሎ የተነገረ ነበር፣ በ2000 የዳይምለሩ መሪ ዩርገን ሽሬምፕ ከመጀመሪያውም እኩልነት የታሰበ እንዳልነበር በጋዜጣ ተናገሩ። ይሄ የባህል ጉዳይ አይደለም፣ የተነገረውና የታሰበው ለየቅል መሆኑ ነው።

ታዲያ አለቃዬ ባህሉ ነው ወይስ ሰውዬው ራሱ ነው? በምን ልለይ?

ከራሱ ሀገር ሰዎች ጋር እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። ለወገኑም ለእናንተም እኩል ፊት ለፊት የሚናገር ከሆነ ልማዱ ነው፤ ሌላ ቀን ለብቻው አግኝታችሁ "ስህተቴን ለብቻዬ ብትነግረኝ ቶሎ አስተካክላለሁ" በሉት፣ ብዙዎቹ ይሰማሉ። ለወገኑ ለስልሶ እናንተ ላይ የሚጮህ ከሆነ ግን ባህል አትበሉት፣ ንቀት ነው።

ሁለተኛው መለያ ሕግ ነው። የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝና ፈቃድ በየሀገሩ ልማድ አይተረጎሙም። እኛ ሀገር አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይሄ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል፤ የመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። "እኛ ሀገር እንዲህ ነው የሚሠራው" ብሎ ከዚያ በላይ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያሠራ አለቃ ጋር ስለ ባህል መወያየት አያስፈልግም። የሠራችሁትን ሰዓት ከነቀኑ ጻፉ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን አስቀምጡ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ እዚያ፣ ከሌለ በአካባቢያችሁ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ይዛችሁ ሂዱ።